ልጅሽን ለዛሬ አውሺኝ

«ልጅሽን ለዛሬ አውሺኝ» አሉ አጎቷ። «ልጄ ምሕረት ትያት። እኔ ብመክር ብዘክር አልሰማ ብላኛለች፤ ይችን ካየች ግን ይበቃታል።»

መስታወት ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ነበር። ገና ጎሕ መቅደዱ ነው። ቄስ አሥራተ ማርያም የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ትናንት የበቅሏቸውን ዋጋ ሊያጣሩ ሰቆጣ ገብተው፣ ቢመሽባቸው እናትና ልጅ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል መደብ ላይ አደሩ። የተናገሩት በኽምጥኛ ነው። በልጅነቷ ከተማ ገብታ፣ ኋላም ጎንደር ድረስ ሄዳ የተማረች ልጅ ቋንቋውን ረስታዋለች ብለው ይሆናል። አልረሳችውም። ከእናቷ በቀር በኽምጥኛ የሚያናግራት ባይኖርም አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። እናቷ ዝናሽ ምን ትመልስ ይሆን ብላ ጆሮዋን አቀናች።  ከጀሪካኑ ውሃ ሲንዶቀዶቅ፣ ዝናሽ ፊቷን ስትታጠብ፣ በነጠላዋ ጫፍ ስታደርቅ ይሰማል። መስታወት በዚህ መሐል ብዙ ነገር ጠበቀች፤ «ልጄ ምን ሆነችና» የሚል ቃል፣ እሱ ቢቀር አንድ የቁጣ ሳል። በመጨረሻ ዝናሽ «ከወሰዷትስ ምሳዋን ያብሏት» አለች። 

መጀመሪያ ፊቷ ጋለ። ተነሥታ መጋረጃውን ገልጣ «ሰምቻለሁ» ልትል ቃጣት። ቆየት ስትል ግን ንዴቱ እየበረደ አንድ ጥያቄ ያዛት፤ ያች ልጅ እኔን አይታ የምታየው ምንድን ነው? ከተመረቀች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ያጠናችው ጂኦሎጂ ነው፤ የመሬትንና የድንጋይን ነገር። በሙያዋ ማስታወቂያ ወጣ በተባለ ቁጥር ባሕር ዳር፣ ወልድያ፣ አንድ ጊዜም አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ተፈትናለች። ትምህርቱስ መንግሥት እያበላት እንደምንም አለፈ፤ የአባቷን ቤት የበላው ሥራ ፍለጋው ነው። ለፈተናው መሳፈሪያ፣ አልጋ፣ ምግብ፤ ውጤቱን ለማየት ደግሞ ሌላ መሳፈሪያ። አባቷ ካረፉ በኋላ ዝናሽ ቤቱን ስትሸጥ «ልጄ ሥራ እስክትይዝ ነው» ብላ ለጎረቤት ተናግራ ነበር። ለልጇ አልተናገረችም፤ ልጇም አልጠየቀቻትም። ስለዚያ ቤት ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። አሁን መስታወት የምትውለው ፍርድ ቤቱ አካባቢ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ዲግሪ ታባዛለች። ደመወዟ ኪራይ ከፍሎ ዘይትና ሽንኩርት ይገዛል፤ ጫማ የተገዛበት ወር ኪራዩ ይዘገያል። ከራስጌዋ በጥቁር ካባ ሆና የተነሣችው ፎቶ ተሰቅሏል። ለሰፊ ሳሎን ተብሎ ትልቅ ሆኖ ነበር የተሠራው፤ በዚች ክፍል ግን የግድግዳውን ግማሽ ስለያዘ፣ የቤቱ ተከራይ እሱ፣ እነሱ ደግሞ ጥገኞቹ ይመስላሉ።

ከመጋረጃው ስትወጣ ቄሱ ወደ አማርኛ ተመልሰው ምሕረት እሷን እንደናፈቀች፣ ቅዳሜም ስለሆነ አንድ ቀን ብትመጣ ደስ እንደሚላቸው ሊነግሯት ጀመሩ። ሳይጨርሱ «እሺ» አለች። እናቷ ቀና ብላ አንድ ጊዜ አየቻትና ጋቢውን ወደ ማጠፏ ተመለሰች። መስታወት ለአሠሪዋ ደውላ ፈቃድ ጠየቀች፤ የቀኑ ሒሳብ እንደሚቀነስ ነገራት። ከዚያ በቅሎዋን መሐል አድርገው ከከተማው ወጡ።

ኅዳር ገና መባቱ ነው። የሰቆጣ ዙሪያ ማሳ ከፊሉ ታጭዷል፣ ከፊሉ ቆሟል፤ ሣሩ ከሥሩ መድረቅ ጀምሯል። ቄሱ ተቀመጪ አሏት፤ እርሳቸው በእግር እየሄዱ አልቀመጥም አለች። እሳቸውም ልጅቷን በእግር አስኪደው ሊቀመጡ አልሆነላቸውም። በቅሎዋ ባዶ ኮርቻዋን ተሸክማ፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆነው፣ ዳገቱን ተያያዙት። መንገዱን ያሳጠረው ወሬ የዋጋ ወሬ ነበር። የስሚንቶ ነገር የማይቀመስ ሆኗል፤ ማር እንኳ በአገሩ ተወዷል፤ የበቅሎ ዋጋ ግን ወድቋል ይላሉ ገዢዎቹ፣ ወድቋል የሚሉትም ገዢዎቹ ብቻ ናቸው። ከዚያ እየሳቡ ወደ ምሕረት መጡ። ከትምህርት ቤቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈች እሷ ብቻ ናት። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ወረደ። ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ትፈልጋለች። መላኪያው በቅሎዋ ናት፤ በቅሎዋ ከተሸጠች ደግሞ እሳቸው በተለያየ ዳገት ላይ ያሉትን አጥቢያዎች በምን ያዳርሳሉ? በሌላ በኩል ካሤ የሚባል የአገራቸው ሰው፣ በማርና በፍየል ንግድ የሠለጠነ፣ የናፍጣ ወፍጮ እያስተከለ ነው። ማንበብና መጻፍ የምታውቅ የታመነች ሰው እፈልጋለሁ፣ ምሕረትን ስጡኝ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ደመወዝ አላት ብሏል። ልጅቷ አሻፈረኝ ብላለች።

መስታወት ሰምታ ስታበቃ፣ «አባ፣ ለምን እንደወሰዱኝ ጧት ሰምቻለሁ» አለች።

የቄሱ እጅ ልጓሙ ላይ ቀጥ አለ። በቅሎዋም ቆመች። «በኽምጥኛ ነበር እኮ የተናገርሁት» አሉ።

«ኽምጥኛ አልረሳሁም።»

«ክፉ አስቤ አይደለም ልጄ።»

«አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ እኔን ስታይ ምን ታያለች ብለው ነው?»

 ቄሱ በቅሎዋን ሳብ አድርገው መንገዱን ቀጠሉ። ቁልቁል የሚታየውን የታጨደ ማሳ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ድካምሽን» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ «የእናትሽንም» አሉ። መስታወት ቃሉ እንዲያማት ጠበቀች። ያማል፤ ነገር ግን ከተማ ውስጥ «አይዞሽ፣ ይሳካል» ከሚሏት ሁሉ ይህ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሰውየው አስበው የመለሱት መልስ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መንደሩ ድረስ ስለ ዋጋ አላወሩም።

ከመንደሩ በታች፣ መንገዱ ሜዳ ሲነካ፣ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ይታያል። ወፍጮው የሚተከለው እዚያ ነው። ከአጠገቡ የተቆለለ አፈርና ጥቁር ድንጋይ፣ ከቁልሉ ወዲያ ደግሞ ክብ ጉድጓድ። ካሤ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ ሸክሙ የወደቀበት ሰው ገደል እንደሚያየው። ወፈር ያለ ጎልማሳ ነው፤ ቄሱን ሲያይ ብድግ ብሎ መስቀል ተሳለመ። የወፍጮው ሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ ይፈልጋል፣ ሕዝቡም ቢሆን ውሃ የሚቀዳው ርቆ ነው፤ ሁለቱን ባንድ ድንጋይ ልበል ብሎ አስቆፍሮ፣ ቆፋሪዎቹ ጥቁር ድንጋይ ላይ ደርሰው ዶማቸው ሲጣመም ለአጨዳ ብለው ጥለውት ሄደዋል። ከእነዚህ በፊትም ሌሎች ሞክረው ነበር። መስታወት ቁልሉን ስታይ ቆየች፤ ከዚያ አንዱን ድንጋይ አነሣች፣ በሌላ ድንጋይ ሰበረችው፣ የተሰበረውን ገጽ ወደ ፀሐይ አዞረችው። «ልውረድ?» አለች። ካሤ ወደ ቄሱ አየ። ቄሱ ወደ ሰማይ አዩ። መሰላሉ እዚያው ነበርና ወረደች።

ምሕረት የአክስቷን ልጅ ያየቻት ከዚያ ጉድጓድ ስትወጣ ነው። እንግዳ መጣ ተብላ ልትቀበል የመጣችው ልጅ፣ ቀጠን ረዘም ያለች፣ አሁንም የትምህርት ቤት ሹራቧን የለበሰች፣ መጀመሪያ ያየችው አቧራ የለበሰ ጸጉር፣ ቀጥሎ ድንጋይ የጨበጠ እጅ ነበር። ተሳሳሙ። መስታወት ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ ዓይኗ ወደ ዳገቱ ሄደ። ከጉድጓዱ አጠገብ ተነሥቶ ተዳፋቱን አቋርጦ የሚሄድ፣ ሰው የካበው የሚመስል ጥቁር የድንጋይ አጥር አለ፤ እዚህ ከጉልበት በላይ ቆሞ፣ እዚያ ከአፈር ጋር ተስተካክሎ፣ እንደገና ብቅ ብሎ እስከ ወንዙ ይወርዳል። የአገሩ ሰው የሰይጣን ካብ ይለዋል። ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይሠራ ሰይጣን ሌሊቱን ሲክብ አድሮ፣ ዶሮ ሲጮኽበት ጥሎት ሸሸ ነው የሚባለው።

«እኔን ሁሌ የሚገርመኝ መሠረቱ ነው» አለች ምሕረት፣ ዓይኗን ተከትላ። «ካብ ከሆነ መሠረት አለው ብዬ አንድ ክረምት ቆፍሬ አየሁት። አያልቅም። ወደ ታች ይሄዳል።»

መስታወት ዞረች። «እስከ ምን ድረስ ቆፈርሽ?»

«እስከ ደረቴ። ከዚያ አባቴ አገኘኝና ተገረፍሁ።»

መስታወት ሳቀች፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምናልባት በዚያ ሳምንትም። ከዚያ ልጅቷን በእጇ ይዛ ካቡን ተከትላ ሄደች። አልተካበም፤ ከታች ነው የመጣው አለቻት። ይህ አገር ሁሉ በታች በኩል አሸዋ ድንጋይ ነው፣ አንድ ዘመን ውሃ ያነጠፈው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ምድሪቱ ተሰነጠቀች፤ በስንጥቁ የቀለጠ ድንጋይ እንደ ገንፎ እየፈላ ወጣና እዚያው ደርቆ ቀረ። ዙሪያውን ያለው ልል ድንጋይ በዝናብ ሲታጠብ እሱ ጠንካራ ስለሆነ ቆሞ ቀረ፤ ግድግዳ የመሰለው ለዚህ ነው። ዳርና ዳሩን አሳየቻት፤ ከቀዝቃዛው ድንጋይ ጋር የተገናኘበት ቶሎ ስለደረቀ ደቃቅ ነው፣ መሐሉ ቀስ ብሎ ስለበረደ ሻካራ ነው። ምሕረት በጣቷ ዳሰሰች፤ ዳሩን፣ ከዚያ መሐሉን፣ እንደገና ዳሩን። ማን እንዳየው፣ እንዴት እንደታወቀ፣ ስንጥቁ አሁንም ይከፈት እንደሆነ ጠየቀች። መስታወት የምታውቀውን መለሰች፣ የማታውቀውን አላውቅም አለች። እየተናገረች ሳለ አንድ ነገር ገረማት። ከተመረቀች ወዲህ ያገኛት ሰው ሁሉ «ሥራ አገኘሽ?» ብሏታል፤ የተማረችውን የጠየቀቻት ግን ይች ልጅ የመጀመሪያዋ ናት።

ቄሱና ካሤ ከበቅሎዋ ጋር ከኋላ ሆነው ሲሰሙ ቆይተዋል። ካሤ ስለ ቀለጠ ድንጋይ ብዙም አልጨነቀውም፤ «ታዲያ ውሃውስ?» አለ። መስታወት ከካቡ በላይ ያለውን ሣር አሳየችው። የትም ቦታ ሣሩ ገርጥቷል፤ ከካቡ በላይ ግን አንድ መቀነት የሚያህል ቦታ አሁንም ለምለም ነው። ከተራራው በመሬት ውስጥ የሚወርደውን ውሃ ግድግዳው ሳያግደው አይቀርም፣ የእርስዎ ጉድጓድ ደግሞ ግድግዳው ራሱ ላይ ነው ያረፈ፣ እኔ ብሆን ከበላዩ ነበር የምሞክር አለች። ወዲያው ድምፅዋ ቀነሰ። «እርግጠኛ ግን አይደለሁም። የምለካበት መሣሪያ የለኝም፤ ላይገኝም ይችላል።»

«እስካሁን የቆፈሩልኝ ሁሉ እርግጠኞች ነበሩ» አለ ካሤ።

ቄስ አሥራተ ማርያም ካቡን ትክ ብለው ሲያዩ ቆይተው ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «ይህን ሁሉ እያወቅሽ ታዲያ ለምን አይቀጥሩሽም?» አሉ። ሽሙጥ አልነበረበትም፤ ነገሩ ከልብ ግራ ገብቷቸው ነው። መስታወት አፏን ከፈተች። ማስታወቂያው ጥቂት ነው፣ ተፈታኙ ብዙ ነው፣ ልምድ ይጠይቃሉ፣ ልምድ የሚሰጥ የለም፤ ይህን ሁሉ ደጋግማ ለራሷ ብላው ነበር፤ በዚያ ሜዳ ላይ ግን ቢነገር መልስ የሚሆን አልመሰላትም። «እኔም እሱን ነው የምጠይቀው አባ» አለች።

የቄሱ ቤት የድንጋይ ቤት ነው፤ ውስጡ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጨለም ያለ፣ በግድግዳው ዙሪያ የተለሰነ መደብ ያለው። በአንዱ ጥግ የምሕረት መጻሕፍት በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ተቀምጠዋል፤ ተፈትተው ወደ መደርደሪያ እንዳይመለሱ፣ ተጭነውም እንዳይሄዱ ፍርድ የሚጠብቁ እስረኞች ይመስላሉ። የቄሱ ሚስት ደብሬ ምሳ አቀረበች፤ ቅቤ የገባበት ሽሮ፣ ለእንግዳዋ ክብርም በጣሳ የተቀዳ ጠላና በትንሽ ሳህን ማር። ካሤም ተጠርቶ አብሮ በላ። ስለ አጨዳው፣ ከአበርገሌ ስለመጡት ፍየሎች፣ ስለ መንገዱ ተወራ። ደብሬ እንጀራ እየደረበች ዝናሽ ደህና መሆኗን ጠየቀች፤ ቤቱን ከሸጠች በኋላ መጥታ እንደማታውቅ ልትናገር ጀምራ ተወችው። የወንድም ሚስትና የባል እህት ነገር ነው፤ ዝም የሚባልበትን ቦታ ሁሉም ያውቃል።

ገበታው ከፍ ሲል ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያመጧት ለዚህ ነውና ሊያስቀሩት አልቻሉም፤ ዓይናቸውን ግን ከወለሉ አላነሡም። «እንግዲህ መስታወት፣ አንቺ ያለፍሽበት ነሽ። እኛ ብንነግራት ገበሬና ቄስ ናቸው ትላለች። ያየሽውን ንገሪያት» አሉ።

መስታወት ነገረቻት። አላስዋበችውም፣ አላከፋችውም። ዶርሙን፣ ብርዱን፣ የመጀመሪያውን ዓመት ለቅሶ፤ ከተመረቀች በኋላ በአንድ አዳራሽ ለጥቂት ቦታ ስንት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ እንደሚፈተን፤ ፈተናው አልቆ ስትወጣ የምትበላበት ሳይኖራት መናኸሪያ ያደረችበትን ቀን። የቤቱን መሸጥ ስትጠቅስ ደብሬ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ለካስ ነገሩ በዚህ ቤት ጮክ ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ነው። «ሥራ ታገኛለሽ ብዬ አልምልልሽም» አለች። «ብታገኚም ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ የተማርሽውም ላይሆን ይችላል። ይህን ከእኔ ስሚ።»

ምሕረት ጉልበቷን አቅፋ ስትሰማ ቆይታ፣ «ቆጨሽ?» አለች።

ሁሉም መልሱን ጠበቁ። መስታወት ራሷም እንደ ሌሎቹ ጠበቀች። «ቤቱ ይቆጨኛል» አለች ቀስ ብላ። «እናቴን ሳያት ይቆጨኛል። ግን ባልማር ኖሮ ምን እሆን ነበር የሚለውን አላውቀውም፤ ያልኖርሁትን ከምን ጋር ላመዛዝነው? ዛሬ ጧት ያን ካብ ሳይ ያየሁትን ነገር ደግሞ መልሺው ብባል... አይ። እሱን አልመልስም።»

ቄሱ ይህን የሚፈልጉት ምስክርነት ይሁን አይሁን ያወቁ አይመስልም። በዚህ መሐል ነው ካሤ፣ ጠላውን ጨልጦ ጣሳውን አስቀምጦ፣ «እኔ ይችን ብቀጥርስ?» ያለው።  ካሤ ቀጠለ፤ ወፍጮው ከሞተር ሻጭ ጋር፣ ከገቢዎች ጋር፣ ከወረዳ ጋር የሚያነካካው ነገር ብዙ ነው፤ ነገም ሌላ ወፍጮ፣ ሌላ ጉድጓድ ማሰቡ አይቀርም። የማታውቀውን አላውቅም የምትል ሰው ደግሞ አግኝቶ አያውቅም። ደመወዙን ጠራ። ከፎቶ ኮፒ ቤቱ እጥፍ ይሆናል።

«ካሤ፣ ያ ቦታ ለምሕረት ነው ብለህ አልነበር?» አሉ ቄሱ።

«እሷስ እምቢ ብላኛለች፤ እርስዎም ያውቃሉ። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ አባ፤ ዲግሪ ያላት እያለችልኝ ለምን ያለ ዲግሪ እቀጥራለሁ?»

ክፋት አልነበረበትም፤ የንግድ ሰው ስለ ፍየል በሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው። ቄስ አሥራተ ማርያም ግን የተናገረውን ሰው ሳይሆን የራሳቸውን እጅ ማየት ጀመሩ። ትምህርት ከንቱ መሆኑን ልታሳይላቸው ያመጧት ልጅ፣ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ገበታቸው፣ ለልጃቸው ያዘጋጁትን ሥራ በትምህርቷ ወሰደችው። መስታወት ቶሎ ወደ ምሕረት አየች። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ የማትፈልገው ሥራ ቢሆንም «አንቺ ታንሻለሽ» መባል ያማል። ቀጥሎ ግን ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ሳቅ ሲታገላት ታየ፤ ለመስታወትም በቅንድቧ ምልክት ሰጠቻት። «ያዢው» የሚል ነበር።

መስታወት ወዲያው አልያዘችውም። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው «ጂኦሎጂ» የሚል ቃል ያለበት ማስታወቂያ ነበር፤ አሁን የቀረበላት ውስጥ ቃሉ የለም። የዱቄት ብናኝ፣ የሞተር ጩኸት፣ የገበያ ቀን ሰልፍ አለበት። የቀጠራትም ዲግሪዋ ስለ ድንጋይ ስለሆነ ነው፣ ወይስ ዲግሪ ስለሆነ ብቻ ነው? ወይስ ጉድጓድ ስለወረደች? ካሤ ራሱ የሚያውቀው አይመስልም። ነገሩ ደስታ ይሁን ሽንፈት አልለይላት ብሎ፣ እንደ ጧቱ ድንጋይ አገላብጣ ልታየው ፈለገች። በሙያዋ ፈተና ሲወጣ ሄዳ እንደምትፈተን፣ ያን ጊዜ እንዳይከለክላት ነገረችው። ካሤ ሂጂና ተመለሺ፣ ካላለፍሽ ቦታሽ አለ አላት። ውሃው ካልተገኘስ ብላ ጠየቀች። ካልተገኘ ያው እንደ ቀድሞው ነው አለ፤ ሰኞ ቆፋሪዎች ከካቡ በላይ ያስገባል፣ እሷም ቆማ ታሳያለች። «እሺ» አለች። ሰኞ የሚቆፈረው መሬት ብቻ እንዳልሆነ ግን ታውቃለች። ውሃ ከጠፋ መንደሩ «እንደ መስታወት ጉድጓድ» እያለ ይተርትባታል። ቢሆንም ቃሏን አላጠፈችም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቄሱ በቅሎዋን ጭነው ከአምደወርቅ የሚመጣው ሚኒባስ እስከሚያልፍበት መንገድ ሊሸኟት ወጡ። ምሕረትም ተከተለች። ይህን ጊዜ መስታወት ተቀመጪ ስትባል እምቢ አላለችም፤ እግሯ ደክሞ ነበር። ቄሱ ልጓሙን ይዘው ከፊት፣ ምሕረት ራቅ ብላ ከኋላ።  ወንዙን ሲሻገሩ ቄሱ የበቅሎዋን አንገት መታ መታ አደረጉና፣ «ወጣት ሳለሁ እኮ በእግሬ ነበር የማዳርሰው» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም። «እንዲያውም ቶሎ እደርስ ነበር።»  ዳገቱን ጨርሰው አስፋልት ያልነካው አቧራማ መንገድ ሲታያቸው ቄሱ እንደገና ተናገሩ።

«የተማሪ ፍራሽ የሚገዛው ከሰቆጣ ነው ወይስ እዚያው ከደረሱ በኋላ ነው?»

«እዚያው ይሻላል አባ። ከዚህ ከተጫነ ለብቻው ያስከፍላሉ።»

«ብርድ ልብስስ?»

«ብርድ ልብሱ ከቤት ይሁን። ሳሙናም ከቤት ይሁን፤ እዚያ ውድ ነው።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በቃላቸው የሚይዙ ይመስላል። ከኋላ ሲሰማ የነበረው ኮቴ ጠፋ። መስታወት ኮርቻው ላይ ሆና ዞር ስትል፣ ምሕረት መንገዱ መሐል ቆማለች፣ ሁለት እጇን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከታ፣ የሰማችውን እንዳታፈስ የፈራች ይመስል አትንቀሳቀስም። ቄሱ ወደ ኋላቸው አልዞሩም።

«ነይ እንጂ» አሉ። «መኪናው ሊያመልጣት ነው።»